ነጭ ሽንኩርቱ ከቤት ይውጣ

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ዛሬም ድረስ ሳስበው የሚያሳፍረኝ አንድ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ፎስፈረስና ሦስት ሃይድሮጅን ስዬ፣ ጠመኔውን እንደ ከዘራ ይዤ፣ «ይህ ፎስፊን ይባላል። የአሞኒያ የአክስት ልጅ ነው። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል። ቀለም የለውም። መርዝ ነው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የከረመ ዓሣ ይመስላል» እያልኩ አወርደዋለሁ። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታንቀላፋ የምትውል አንዲት ልጅ ብንን ብላ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እርስዎ አሽትተውት ያውቃሉ?»

«እንዴታ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ቅጥፈት ነበር። ያሸተትኩት መጽሐፉን ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ የሚሸተው የአይጥ ሽንት ነበር። በትምህርት ቤታችን የሙከራ ክፍል የነበረው ፎስፈረስ ክብሪት ሳጥን ጎን ላይ የተቀባው ብቻ ነው፤ እሱንም ዘበኛው ሲጋራ እየለኮሰበት ጨርሶታል።

ዕድሜውን ሙሉ ፈታኝ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ቀን ራሱ መፈተኑ አይቀርም። ጡረታ ከወጣሁ፣ የፊት ጥርሶቼም እንደ እኔው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ፎስፊን ራሱ እህቴ ቤት ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። አሸተትኩት። አላወቅኩትም። «እሰይ! ቤቱ ወጥ ወጥ ይሸታል» ብዬ ጋቢዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ እንጅባራ ከተማ ነው የምኖረው፤ እሷ ከዳንግላ በጋሪ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ውስጥ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ሰሞን ግን ብቻዋን አልነበረችም። የመጨረሻ ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ እናቷ ቤት ገብታ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አማችዋ ሥራው ሩቅ ስለሆነ የሚመጣው ለክርስትናው ነው። ክርስትናው በአርባ ቀን፤ ልጁ ያኔ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ማባራት የሚባል ነገር ረስቷል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። እሷ ዘንድ ኔትዎርክ የሚገኘው ከቤቷ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ስትደውል ሁልጊዜ እያለከለከች ነው።

«አንተ መምህሩ! ነቀዝ በቆሎዬን ዱቄት አደረገው። ለክርስትናው ያስቀመጥኩት እኮ ነው። ያ ገበያ የሚሸጡት ክኒን ይሠራል? ወይስ ሰዉ ዝም ብሎ ነው የሚያወራው?»

ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህርን እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ፣ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ለከረመ ፈረስ አጥሩን መክፈት ነው። ጋለብኩ።

«ይሠራል ወይ ትያለሽ? ፍቱን ነው እንጂ! ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ይፈርስና ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በፍሬና በፍሬ መካከል ይገባል፣ ፍሬው ውስጥ ይገባል፣ ነቀዙን ከነእንቁላሉ፣ ከነልጅ ልጁ…»

«እሺ እሺ፣ ይሠራል በለኝ በቃ።»

«ይሠራል። ግን…»

ስልኩ ተቋረጠ።

መምህር ሁሉ ይህ በሽታ አለበት። ዋናውን ነገር ለመጨረሻዋ ደቂቃ ያስቀምጥና ደወል ይደወልበታል። እኔም ያቺን «ግን» ይዤ ቀረሁ። ከ«ግን» በኋላ ሊመጣ የነበረው፣ «ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ እንዳታስገቢው» የሚለው ነበር። አንድ ጊዜ መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም። ሁለተኛ ልደውል ስል የሠፈር ጓደኛዬ የዳማ ሰሌዳውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። በንግግሬ ረክቼ ነበር፤ «ከነልጅ ልጁ» ያልኩት በተለይ ደስ ብሎኛል። ዳማ ልጫወት ሄድኩ። እሱንም ተሸነፍኩ።

በአራተኛው ቀን፣ አንድ ኪሎ ቅቤና የሕፃን ብርድ ልብስ ይዤ አራስ ልጠይቅ ተነሣሁ። በሚኒባስ ዳንግላ፣ ከዳንግላ በጋሪ። ባጃጆቹ በዚያ ጭቃ አይሞክሩትም። ጋሪውን የሚነዳው የእህቴ ጎረቤት ነው፤ እኔን ባየ ቁጥር «መምህር፣ ዛሬ ፈረሱን ቀመር እንዳያስተምሩብኝ፣ ይቆምብኛል» ይለኛል። ከበሩ ላይ አድርሶኝ ፈረሱን ሊፈታ ወደ ራሱ ግቢ ታጠፈ።

የእህቴ ቤት በሩ ተዘግቷል። መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። አራስ ያለበት ቤት ነውና ነፋስ አይገባም፤ ምች አለ፣ ብርድ አለ፣ ከእነሱም የከፋ ስሙ የማይጠራ ነገር አለ። በሩን አንኳኩቼ እንደ ድመት በጠባቧ ክፍተት ሾልኬ ገባሁ፤ እህቴም ከኋላዬ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ቤቱ ሞቅ ብሏል። ምድጃው ላይ የገንፎው ድስት ይተናል። ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ ላይ የእህቴ ልጅ ሕፃኑን አቅፋ ተጋድማለች። ከራስጌዋ ጎን፣ ከቀርከሃ ተጠልፎ በጭቃና በእበት የተለሰነው የእህል ማስቀመጫ፣ ጎታው፣ እንደ ወፍራም ባልቴት ተቀምጧል። ከጎታው በላይ ደግሞ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ተንጠልጥሏል፤ ለአራሷ ጥበቃ ነው። እኔም ወጥ ወጥ ሸተተኝ ያልኩት ይህንን አይቼ ነው። ዓይኔ ነጭ ሽንኩርት ሲያይ አፍንጫዬ ሥራውን ለዓይኔ አስረክቦ ተኛ።

«እንዴት ነሽ፣ እናት?» አልኳት የእህቴን ልጅ።

«ደኅና ነኝ አጎቴ። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» አለች፤ ድምጿ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ራሴን ብቻ ነው። ራሴን ይፈልጠኛል። የበላሁትም አይረጋልኝም።»

«ምች ነው» አለች እህቴ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። ትናንት ሽንኩርቱን ጨመርኩላት። የመስኮቱንም ቀዳዳ ደፈንኩት።»

«ሕፃኑስ?»

«እሱማ ጨዋ ነው! እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም። ከጠዋት ጀምሮ ተኝቷል። አያለቅስም፣ ጡት ብሎም አያስቸግርም። እንዳንተ ጯሂ አይደለም፤ አንተ እኮ ስትወለድ የጀመርከውን ጩኸት ገና አልጨረስከውም።»

ሳቅን። ገንፎ ቀረበልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሼ አቆምኩ። እኔንም ራሴን ያዝ ያደርገኝ ጀመር። ትናንት ማታ በቀመስኳት አረቄ አሳበብኩ። ደረቴም ጨነቅ አለው፤ በእርጅናዬ አሳበብኩ። ሽማግሌ መሆን ጥሩ ነው፤ ለሁሉም በሽታ የተዘጋጀ ምክንያት አለህ።

ያነቃኝ የቁንጫ ጉዳይ ነው። እህቴ ቤት ሄጄ ቁንጫ ሳይበላኝ ተመልሼ አላውቅም፤ ገና ስቀመጥ በካልሲዬ በኩል ይቀበሉኛል። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አንድም አልነካኝም።

«ቁንጫዎችሽ የት ሄዱ?» አልኳት። «ወይስ ደሜም ጡረታ ወጣ?»

እህቴ ፊቷ በራ። «ያንተ ክኒን እኮ ነው! ጉድ ነው ያስባለኝ! ነቀዙ ብቻ መሰለህ? ቁንጫው አለቀ። አይጡ አለቀ፤ ትናንት ከጎታው ሥር ሁለት አይጥ አውጥቼ ጣልኩ። እንዳልከው ፍቱን ነው።»

ወደ ጎታው እግር አየሁ። ነቀዝ እንደ ተደፋ ኑግ ጠቁሮ ተነጥፏል።

«የት ነው ያደረግሽው ክኒኑን?»

«እዚህ ነዋ! የት ላደርገው ነው?» ብላ ጎታውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። መዳፏና የልጇ ትራስ አንድ ክንድ አይራራቁም።

«ስንት?»

«ገዝቼ ያመጣሁትን አንዱን ላስቲክ ሙሉ። በጨርቅ ቋጥሬ፣ መሐል ለመሐል ከትቼ፣ አፉን በእበት መረግሁት። ሻጩ ለአንድ ኩንታል አንድ ሁለት ይበቃል አለኝ፤ ስስታም ነው። አንተ ፍቱን ነው አላልከኝም?»

ጎታውን ዞርኩት። አፉ ተመርጓል፤ ጎኑ ግን ከአራት ቦታ ተሰነጣጥቋል። ከስንጥቁ አንዱ ፊት ለፊት የሚያየው የሕፃኑን አናት ነው። ወደ ስንጥቁ ጎንበስ ስል ያ «ወጥ ወጥ» ያልኩት ሽታ ፊቴን መታኝ። ያቺ መጨረሻ ወንበር ላይ የምታንቀላፋ ልጅ ጆሮዬ ሥር ቆማ፣ «መምህር፣ እርስዎ አሽትተውት ያውቃሉ?» ያለችኝ መሰለኝ።

አሁን አወቅኩት። ምድጃው ላይ የሚተነው የገንፎ ውሃ፣ የሰኔው እርጥበት፣ ገና በደንብ ያልደረቀው በቆሎ፣ ሁሉም ተባብረው ክኒኑን እያፈረሱት ነው። የተዘጋው በርና የተወተፈው መስኮት ደግሞ ለነፋስ የተሠራውን አጥር ለጋዙ እስር ቤት አድርገውታል።

«ውጡ» አልኩ። «አሁኑኑ። ሁላችሁም ከዚህ ቤት ውጡ።»

«ምን ሆነሃል?»

«መርዝ ነው። ጋዙ ቤቱን ሞልቶታል። አይጡን የገደለው ልጅሽንና የልጅ ልጅሽን እየገደለ ነው።»

እህቴ በቆመችበት አየችኝ፤ ቀጥሎ ወደ በሩ ሄዳ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሩ ላይ ስትቆም ግን ዝግባ ናት።

«አራስ በዝናብ ላውጣ? በሁለት ሳምንቷ? አብደሃል?»

«ስሚኝ፤ አንድ ፎስፈረስና ሦስት ሃይድሮጅን…»

«ሦስቱንም ጥራቸውና መጥተው ዝናቡን ይከልክሉልኝ!»

«እታለም፣ በእናታችን ሞት!»

«በእናታችን ሞት እኔም እለምንሃለሁ፤ ተቀመጥ!»

መስኮቱ ላይ የተወተፈውን ጨርቅ መዘዝኩ፤ መጥታ መልሳ ወተፈችው። እንደገና መዘዝኩ። አማርኛዋን ጥላ ወደ አዊኛ ገባች፤ እህቴ ወደ አዊኛ ከገባች ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። ያለችኝን እዚህ አልተረጉመውም፤ ካንተ ቁንጫዎቹ ይሻላሉ ከሚለው ብዙ አይርቅም። የእህቴ ልጅ ከመደቡ ላይ፣ «እማዬ፣ አጎቴ የሚሉትን…» ብላ ጀመረችና ወደ ጎን ዞራ አስታወከች። ሕፃኑ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ዓይኑን አልገለጠም። ጨዋ ያለችው ይህን ነው።

በእርግጠኝነት የማውቀውን እያወቅኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ ያለ ድንቁርና ተሰምቶኝ አያውቅም። ቀመሩ ከነሚዛኑ በአፌ አለ፤ አንዲት አሮጊት ከበር ፈቀቅ ማድረግ አልቻለም። ገፍትሬያት ላልፍ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብንታገል የምትጥለኝ እሷ ናት። ዓይኔ ብቻ ቤቱን ይዞር ጀመር። ግድግዳው ላይ ከማገሩ ጋር የተሰካች ማጭድ አየሁ።

እናታችን አራስ በነበረች ጊዜ ወደ ጓሮ ስትወጣ ብረት ሳትይዝ አትወጣም ነበር። ብረት የያዘች አራስን ክፉ ነገር አይቀርባትም ይባላል። እኔ ይህንን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ያሾፍኩበት ሰው ነኝ፤ «ብረት ዝገት ከመሆን ሌላ ምንም አያውቅም» እያልኩ ተማሪ ሳስቅ ኖሬአለሁ። ማጭዷን ከግድግዳው ነቅዬ በእህቴ ልጅ ቀኝ እጅ አስጨበጥኳት።

«ይኸው» አልኩ። «ብረት ይዛለች። ብረት የያዘች አራስ አትወጣም የሚል ሕግ ካለ ንገሪኝ።»

እህቴ ማጭዷን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች።

«ዣንጥላም ይያዝላታል» አለች በመጨረሻ። «ልጁንም እኔ ነኝ የምይዘው። አንተ ትጥለዋለህ።»

«ውሰጂው!»

ወጣን። እኔ ዣንጥላ ይዤ፣ የእህቴ ልጅ በአንድ እጇ ማጭድ በሌላው ትከሻዬን ይዛ፣ እህቴ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ በደረቷ ይዛ፤ ከነካህናቱ የሚወጣ ታቦት እንኳ እንዲያ በጥንቃቄ አይሄድም። ግቢው መሐል ስንደርስ የእህቴ ልጅ ጭቃው ላይ በርከክ አለች፣ ማጭዷን ግን አልጣለችም። ጎረቤትዬው ፈረሱን እንዳሰረ አጥሩ ላይ ሆኖ አየን።

«መልሰህ ጋሪውን ጥመደው!» ብዬ ጮህኩ። «ወደ ጤና ጣቢያ!»

ያኔ አንዲት የዝናብ ጠብታ ከጋቢው ጠርዝ ሾልካ የሕፃኑን ግንባር መታችው። ፊቱን አጨፈገገ፣ አፉን ከፈተ፣ ትንሽ ቆየና አለቀሰ። ቀጭን፣ የተበጣጠሰች ልቅሶ ናት።

«ቀዘቀዘው! አለቀሰብህ!» አለች እህቴ።

«ያልቅስ» አልኩ። እኔም አብሬው እያለቀስኩ አልነበር? ዝናቡ ነው ብዬ አሳበብኩ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ጥያቄዎቿ እንደ መርፌ ቀጥ ያሉ ነበሩ። «አባባ፣ ምን ያህል ክኒን? ስንት ቀን? አራሷ ከጎታው ምን ያህል ራቅ ብላ ነው የተኛችው?» ሁሉንም መለስኩ። ለአራሷና ለሕፃኑ ኦክሲጅን ሰጡ፤ እህቴንም እኔንም ልባችንን አዳመጡ። «ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም» አለችኝ ለብቻዬ ወስዳ። «ንጹሕ አየር፣ ኦክሲጅንና ክትትል ነው ያለን። ዛሬም እዚያው ቢያድሩ ኖሮ…» አልጨረሰችውም። እሷም እንደ እኔ ዋናውን ለመጨረሻ የምታስቀምጥ ናት፤ ግን የእሷን ሳትጨርሰው ሰማሁት።

ሁለት ቀን አስተኝታ ልትከታተላቸው ወሰነች። እኔ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ተቀምጬ ለራሴ የማልኩት አንድ ነገር ነው፦ ያቺን በስልክ ተቆርጣ የቀረች «ግን» በምላሴ ሳይሆን በእጄ እጨርሳታለሁ። ያ በቆሎ ከዚያ ቤት ይወጣል። እህቴ ወደደችም ጠላችም፣ አራሷ ተመልሳ የምትገባው ጎታ ወደሌለበት ቤት ነው።

በማግሥቱ ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ከጎረቤትዬው ጋር በሩንም መስኮቱንም ከውጭ በኩል ወለል አድርገን ከፍተን፣ ከብቱንም ሰውንም አርቀን ተውነው። ነፋሱ ሥራውን ይሥራ ብለን ለሦስት ቀን ማንም ወደ ውስጥ ዝር እንዳይል ከለከልን። ከዚያ የሆነውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጎረቤትዬው ለሰው ሁሉ ስለነገረው እኔ ልደብቀው አልችልም።

እህቴ ከገዛችው ውስጥ ሳይከፈት የቀረ አንድ ላስቲክ ክኒን ማድ ቤት ጣሪያ ሥር ሸጉጣ ነበር። አገኘሁት። ወርውሮ መተው አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ። ሳይነኩ ለባለሙያ ማስረከብ እንደሚገባም አውቃለሁ። ዕውቀት ሞልቶኛል። ግን ተናድጄ ነበር። ክኒኑን ሳይሆን ራሴን ነበር ልቀጣው የፈለግሁት። ጥቂቱን ከአንዲት አሮጌ ጣሳ ውስጥ ጨምሬ ሜዳ ላይ አስቀመጥኩና፣ «አሳይሃለሁ!» ብዬ ትንሽ ውሃ ቸለስኩበት። ቸልሼም እንዴት እንደሚፈላ ለማየት ጎንበስ አልኩ።

ቡፍ!

እሳቱ የክብሪት ያህል ዕድሜ አልነበረውም። ጎረቤትዬው ሮጦ ሲደርስ እኔ በጀርባዬ ተዘርግቼ ሰማይ አያለሁ። የግራ ጢሜና ሁለቱም ቅንድቦቼ የሉም።

«መምህር» አለ፣ ከሞት መትረፌን ካረጋገጠ በኋላ፣ «ይህ በስንተኛ ክፍል ነው የሚሰጠው?»

ይህን ያህል ከተዋረድኩ አይቀር ትምህርቱን ልጨርስ። ፎስፊን ብቻውን ሲሆን ዝምተኛ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፣ እንዲሁ በቀላሉም አይቀጣጠልም። አብሮት የሚወጣ ዘመድ ግን አለው፤ ሁለት ፎስፈረስ ተያይዘው የሚሠሩት፣ ዳይፎስፊን የሚባል። ሲወጣ የሚሸተው፣ አየር ሲነካው ሳይለኩሱት የሚነድ እሱ ነው። እህቴ ቤት ውስጥ አፍንጫዬን ጠርቶ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው፤ ሜዳው ላይ ጢሜን የበላውም እሱ ነው። ውለታውንና ቅጣቱን በአንድ ሳምንት ከፈለኝ። ከዚህ የምወስደው ምክር ደግሞ ሽታ ሲኖር ሽሹ፣ ሽታ ሳይኖርም አትመኑ የሚል ነው። የቀረውን ክኒን ጫፉን ሳልነካ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስረከብኩ። ሲቀበለኝ ፊቴን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

አራሷና ሕፃኑ ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ያረፉት ጎረቤትዬው ቤት ነው። እህቴ እኔን ስታየኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

«ተመስገን! ግማሹን ጢም ለሥዕለት ሰጠኸው?»

ሥራው እንግዲህ ቀጠለ። እንጅባራ ደውዬ አንድ ጭነት ቀርከሃ አስመጣሁ። ደጅ ላይ ከእግሩ በድንጋይ ከፍ ያለ፣ ክዳን ያለው ጎተራ ልሠራ ነው። ቀርከሃ በበዛበት ከተማ ኖሬ ቀርከሃ ሰንጥቄ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጣቴን ሰነጠቅኩ። ሁለተኛው ቀን የጠለፍኩት ነገር ጎተራ ይሁን የዶሮ ቤት አልለይ አለ።

«እህል ደጅ አድርጌ ሌባ ልቀልብ?» እያለች እህቴ ከጀርባዬ ቆማ ትነዘንዘኛለች።

«ሌባ ከመጣ እኔ አለሁ።»

«አንተን ሲያይማ በሳቅ ይሞታል።»

«ይኸው፤ ከክኒን ተሻልኩ።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ጎረቤትዬው የፈታሁትን እየጠለፈ፣ የጠለፍኩትን እየፈታ ረዳኝ። በቆሎውን በፀሐይ ብልጭታ መሐል እያወጣን አሰጣነው፣ አበጠርነው፣ የፈረሰውን የክኒን ብናኝ ከነጨርቁ የግብርና ባለሙያው መጥቶ ወሰደው። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ያለው ጆንያ አሳየን፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል፣ ክኒንም አይፈልግም። እህቴ ጆንያውን አገላብጣ አየችው። «ይህንን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጎታው ፈርሶ ወለሉ እንደ አዲስ ተለቀለቀ።

የቀረን ነጭ ሽንኩርቱ ነበር።

«ይውጣ» አልኩ። «ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ፣ ሽታው ምን እንደሆነ መጠራጠር የለብንም። ያን ቀን ያሳሳተኝ እሱ ነው።»

«ያሳሳተህማ ራስህ ነህ። ሽንኩርት ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ልክ ነሽ። እኔን ማውጣት ካልቻልሽ እሱን አውጪው።»

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። ሦስቱንም ቀን እያንዳንዱን ምሳ አብረን በላን፤ ኩርፊያችን እንደዚያ ነው።

የክርስትናው ዕለት ድግሱ በአቅሙ ነበር፤ በቆሎው ከነቀዝ ተርፎ፣ ከእኔም ተርፎ ለጠላ በቅቷል። አማችዋም ደርሷል። ዳሱ ሥር ሰው እንደተሰበሰበ እህቴ ታሪኩን ለሦስተኛ ጊዜ ትናገራለች፤ በሷ ታሪክ ውስጥ ጋዝ የለም፣ ፎስፈረስም የለም። «ማጭዷ ነች ልጄን ያወጣችልኝ!» ትላለች። ላርማት አፌን ከፈትኩ። የእህቴ ልጅ ከማዶ ሆና በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ዘጋሁት። እውነቴን ነው ብዬ ብከራከር ደግሞ ማጭዷን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አሁን ስለዚያ ክኒን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከአፌ መጀመሪያ የሚሰማው «ግን»ን ነው፤ «ይሠራል»ን ከደረስኩበት እነግረዋለሁ።

ከዳሱ ተነሥቼ ወደ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ማጭዷ ምስማር ላይ ተሰቅላለች፤ ከጎኗ ያ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ዝናብ እያካፋበት ተንጠልጥሏል። መቼ እንዳወጣችው አላየሁም፤ አልነገረችኝም።

ገባሁ። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ሕፃኑ መደቡ ላይ፣ እኔ ባመጣሁት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጣሪያውን እያየ በእግሩ አየር ይመታል። ዓይኔን ጨፈንኩና፣ በዚህ ጊዜ አፍንጫዬን ብቻውን አሠራሁት። ቅቤ። ጭስ። እርጥብ ልስን። የሕፃን ሽንት።

«ምን ታሸታለህ እንደ ውሻ?» አለች እህቴ ከኋላዬ።

«ምንም» አልኳት፤ እግሬንም አከክሁ። ቁንጫ ነክሶኝ ነበር።